«ፕሌትሌቱ ሲነቃ»፦ ነቅሀ ነው ወይስ ነቅዐ?

የአዘዞ ልጅ፦ ጤና ይስጥልኝ። እህቴ የጤና ተማሪ ናት። ስለ ፕሌትሌት፣ ማለትም ደም እንዲረጋ ስለሚያደርጉት ጥቃቅን የደም ሕዋሳት፣ ለሕዝብ የሚነበብ ጽሑፍ ወደ አማርኛ እየመለስን እዚህ ላይ ቆመናል፦ «ፕሌትሌቱ ሲነቃ በውስጡ የተከማቸው ካልሲየም ይለቀቃል፤ ፓምፖቹ መልሰው ሲያስገቡት ያርፋል።» ይህ ዓረፍተ ነገር ያስኬዳል? «ፓምፕ»ንስ ምን እንበለው?

ቀሃ ማዶ፦ የትኛው ነቃ? በግእዙ ነቅሀ ከእንቅልፍ ተነሣ ነው፤ ነቅዐ ተሰነጠቀ። አማርኛ ሀውንም ዐውንም ውጦ ሁለቱን አንድ አደረጋቸው። ሕፃኑም ነቃ፣ ማሰሮውም ነቃ። እኔ እዚህ ነቅዐ ነው ባይ ነኝ። ነቅዕ እኮ ምንጭ ነው። ካልሲየሙ ከውስጥ ከመነጨ ምን ቀረህ?

ላብራቶሪ ቤት፦ ቀስ! ባረፈ ፕሌትሌት ውስጥ ያለው ነፃ ካልሲየም በፕላዝማው (በደሙ ፈሳሽ ክፍል) ካለው 10,000 ጊዜ ያህል ያነሰ ነው። ይህ ልዩነት በራሱ አይቆምም። ፓምፖች፣ ማለትም ካልሲየም የሚገፉ ፕሮቲኖች፣ ኤቲፒ የሚባለውን የሕዋስ ነዳጅ እየበሉ ሌት ተቀን ይሠራሉ። አንዱ ዓይነት በሽፋኑ በኩል ወደ ውጭ ያስወጣዋል። ሰርካ የሚባለው ደግሞ ውስጥ ባለው ጎተራ ያጉረዋል። የደም ሥር ሲቆረጥ ኮላጅን (የደም ሥሩ ግድግዳ ፕሮቲን) እና ትሮምቢን (ደም የሚያረጋ ኢንዛይም) ይቀሰቅሱታል፣ የጎተራው በር ይከፈታል፣ ከውጭም ይጨመርበታል። ያኔ ፕሌትሌቱ ቅርጹን ለውጦ እሾህ እሾህ ያወጣል፣ ከጎረቤቱም ይጣበቃል። ፓምፑ ግን የሚያስተኛው ነው።

ፒያሳ፦ ትሮምቢን አነቃቂ ተናጋሪ ነው በለኛ! ሃሃሃ

ደብተራው፦ ልጆቼ፣ ነቅሀ ነው። ማሕሌት የቆመ ሰው ያውቀዋል። የላብራቶሪው ልጅ «የሚያስተኛው» ብሎ ራሱ መሰከረ። የነቃ ማሰሮ ተመልሶ ሲተኛ ያየ አለ?

ቀሃ ማዶ፦ የኔታ፣ ይቅርታዎን፤ «ነቅ የማይወጣለት» የሚባለውስ ከየት መጣ?

ደብተራው፦ እሱ ሌላ ነው። ቅኔ የት ነው የተማርከው?

ላብራቶሪ ቤት፦ የኔታ ግማሹን አግኝተውታል። ቅስቀሳው ደካማ ከሆነ ፓምፖቹ ካልሲየሙን ዝቅ ያደርጉታል፤ ፕሌትሌቱም ወደ ቀድሞ ቅርጹ ይመለሳል። ካልሲየሙ በጣም ከፍ ብሎ ከቆየ ግን በሽፋኑ የውስጥ ገጽ የነበረው ፎስፋቲዲልሰሪን የሚባል ቅባት ወደ ውጭ ይገለበጣል። ትሮምቢን በገፍ የሚመረተው እዚያ ላይ ነው። ከዚያ ወዲያ መመለስ የለም።

ቀሃ ማዶ፦ ይኸው! መጀመሪያ ነቅሀ፣ ኋላ ነቅዐ።

ፒያሳ፦ አንድም ነቅሀ፣ አንድም ነቅዐ። በመጻሕፍት ትርጓሜው ላይ ቤት ነህ ታች ቤት?

የአዘዞ ልጅ፦ እሺ፣ ፓምፑስ? «መቅጃ» ብንለው?

ፒያሳ፦ መቅጃ ለጠላ ነው ወንድሜ።

ደብተራው፦ «ረጋ»ን የጠየቀ የለም እንዴ? ረግዐ ነው። ኢዮብ 10፥10 ተመልከቱ፤ እርጎም የዚሁ ዘር ነው።

ላብራቶሪ ቤት፦ ካነሱትስ፣ ያለ ካልሲየም ደም አይረጋም። ሰማያዊ ክዳን ያለው የደም ቱቦ ውስጥ ሲትሬት አለ፤ ካልሲየሙን ስለሚይዘው ደሙ ፈሳሽ እንደሆነ ይቆያል።

ቀሃ ማዶ፦ ረግዐ ላይ አልከራከርም። ግን የእርጎው አ ከየት መጣ?

ደብተራው፦ እሱን ነገ እነግርሃለሁ። የአዘዞው ልጅ፣ አንተ ደግሞ «ዓረፍተ ነገር» ያልከው ቃል ከዐረፈ ነው የመጣው፤ በዓ ሳይሆን በዐ «ዐረፍተ ነገር» ብለህ ጻፍ።