የአባቴን የታይፎይድ ምርመራ ውጤት የሚያስረዳኝ አለ?

ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ ባለፈው ወር ትኩሳትና ራስ ምታት ይዟቸው ዊዳል የሚባለውን የታይፎይድ የደም ምርመራ ሲመረመሩ የሚለካቸው ሁለቱ ፀረ እንግዳ አካላት ኦ 1:160፣ ኤች 1:320 ሆነው ተገኙ። ታይፎይድ ነው ተብሎ የታዘዘላቸውን ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለ አንቲባዮቲክ ጨረሱ፤ ትኩሳቱም ጠፋ። አሁን እህል ይበላሉ፣ እንደ ልማዳቸው ከሬዲዮው ጋር ይከራከራሉ።

ሰሞኑን «ለማረጋገጥ» ተብሎ በተደገመው ምርመራ ግን ኦ ወደ 1:80 ሲወርድ ኤች አልወረደም፤ ክሊኒኩም ሌላ ዙር መድኃኒት አዘዘ። ግራ የገባኝ እዚህ ላይ ነው። ዊዳል የሚለካው ሰውነት ባክቴሪያውን ለመከላከል የሚሠራውን ፀረ እንግዳ አካል እንጂ ባክቴሪያውን አይደለም፤ ፀረ እንግዳ አካሉ ደግሞ ከዳኑ በኋላም ለወራት ሊቆይ ይችላል ይባላል። ታዲያ ምልክት የሌለው ሰው በቁጥር ብቻ ይታከማል? ወይስ የደም ካልቸር (ባክቴሪያውን ራሱን ከደም አሳድጎ የሚፈልግ ምርመራ) ይሠራላቸው ብዬ ልጠይቅ? አንቲባዮቲክ ከወሰዱ በኋላስ ካልቸሩ ይታመናል? አባቴ «ሐኪም ካዘዘ ይዋጣል» እያሉ ነው፤ የምታውቁ ቶሎ መልሱልኝ።