«ተመልሶ ሄዶ ነው» ማለት ምን ማለት ነው? የሄሊኮፕተር አብራሪ ልጅ ነኝ

የፍራንኮው ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከአዳማ ነው። ፍራንኮ አካባቢ ትንሽ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ አለኝ። ነገሩ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

አባቴ የአየር ኃይል ሄሊኮፕተር አብራሪ ነበር። በ1980 ዓ.ም. ሰሜን ግንባር ላይ ሞተ። እኔ ያኔ አራት ዓመቴ ነበር። ፊቱን አላስታውስም። የማስታውሰው የጫማውን ክር ነው፤ እሱ ሲያስር እኔ ስፈታበት። ከእሱ የቀረን አንድ ፎቶና አንድ የቆዳ ጓንት ነው። ጥንድ አይደለም፣ አንድ።

እናቴ ስለ እሱ አታወራም። ከ83 በኋላ «የደርግ ወታደር ልጆች» እንዳንባል ብላ ዝም አለች። ከዚያ ዝምታው ለመዳት። ባለፈው ሳምንት የአሥር ዓመት ልጄ «አያቴ እንዴት ሞተ?» አላት። ጀበናውን ከከሰሉ ላይ እያነሳች «ተመልሶ ሄዶ ነው» አለችው። አለቀ። ሌላ ቃል የለም።

ከየት ነው የተመለሰው? ወዴት? የረሳው ነገር ነበር? ልጄ እኔን ይጠይቀኛል፣ እኔ ደግሞ መልስ የለኝም። ሥራው ምን ይመስል እንደነበር የምታውቁ፣ በተለይ የቀድሞ አየር ኃይል አባላት፣ እባካችሁ አንድ ነገር በሉኝ። ፎቶው ላይ ከኋላው የቆመችው ሄሊኮፕተር ሆዳም ቢጤ ናት፣ ጎኗ ላይ ክብ ክብ መስኮቶች አሏት።

ሚግ-23

ክብ መስኮት ካላት ኤምአይ-8 ናት። ያቺ ቀጠን ያለችው፣ ሁለቱ ሰዎች ፊትና ኋላ የሚቀመጡባት ተዋጊዋ ኤምአይ-24 ናት። አባትህ እንግዲህ ጫኝ ነበር ማለት ነው። ነፍስ ይማር። እውነቱን ለመናገር ግን ዋናዎቹ የጀት አብራሪዎች ናቸው። ሄሊኮፕተር ያው የአየር ታክሲ ናት ሃሃ።

ጡረተኛው መካኒክ

ከላይ ታክሲ ያልከው ልጅ፣ አልተቀየምኩህም። ግን ታክሲ ሲሞላ ረዳቱ «ሞልቷል» ብሎ በሩን ዘግቶ ይሄዳል። የእኛን ሥራ ከባድ ያደረገው ይህ «ሞልቷል» የሚሉት ቃል ነው።

አንተ ልጄ፣ እኔም የምኖረው እዚሁ ናዝሬት ነው። አዳማ ማለት እስካሁን አፌ ላይ አልገባም። አባትህን አላውቀውም፣ አውቀዋለሁ ብዬ አልዋሽህም። ግን በዚያው ዘመን በዚያችው ዓይነት ሄሊኮፕተር ላይ የበረራ መሐንዲስ ነበርኩ። ዋናው አብራሪ በግራ፣ ረዳቱ በቀኝ ይቀመጣሉ። መሐንዲሱ መሀል ላይ፣ ታጣፊ ወንበር ላይ ነው። ስለዚህ የአብራሪ እጅ ምን እንደሚሠራ ከማንም በላይ አይቻለሁ።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ጓንቱ የግራ ነው የቀኝ?

የፍራንኮው ልጅ (ጠያቂ)

የግራ ነው ጋሼ። አሁን አውጥቼ አየሁት። በአውራ ጣቱና በጠቋሚ ጣቱ መሀል ቆዳው ተበልቶ ስፌቱ ወጥቷል። ሌላው ቦታ ደህና ነው። ለምን ጠየቁኝ?

ጡረተኛው መካኒክ

እንግዲህ ስማኝ።

ኤምአይ-8 በወረቀት ላይ 24 ሰው ትጭናለች። በቃሬዛ ከሆነ 12 ቁስለኛ። ወረቀቱ ግን አስመራን አያውቃትም። አስመራ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ነው፣ ከላይ የሚሽከረከረው ክንፍ የሚጨብጠው ነገር ያጣል። ጭነን ስንነሳ ቀጥ ብለን አንነሳም፤ እንደ አውሮፕላን በጎማ ተንደርድረን ነበር። ቆላ ስትወርድ ደግሞ ሙቀቱ በተራው አየሩን ያሳሳዋል። ስለዚህ ስንት ሰው እንደምትጭን የሚነግርህ ወረቀቱ ሳይሆን የአብራሪው ግራ እጅ ነው።

በግራ እጅ የሚያዝ ማንሻ አለ። ጫፉ እንደ ሞተር ብስክሌት እጀታ ይዞራል፣ ጓንትህን የበላው እሱ ይመስለኛል። አብራሪው ቀስ አድርጎ ይስበዋል፣ ሄሊኮፕተሯ ሁለት ሦስት ሜትር ከፍ ትላለች። ሚዛናችን ያ ነው። ከበዳት ከሆነ የክንፉ ዙር ይወርዳል፣ ድምፁ ይወፍራል፣ ወለሉ እግርህ ሥር ይንዘፈዘፋል። ያኔ ማንሻውን ይመልሳል፣ ትቀመጣለች። ሰው ይወርዳል።

ማን ይውረድ? በሩ ላይ ቁስለኛ ተኮልኩሏል። ጓደኛውን አዝሎ የመጣ አለ። አቧራው ዓይን አያስከፍትም፤ የናዝሬትን የበጋ አቧራ አስብና በአሥር አባዛው። አንድ ቀን እኔ ራሴ የአንድ ልጅ እጅ ከበሩ ላይ በጣት በጣቱ አላቅቄአለሁ። ቁስሉ እግሩ ላይ ነበር፣ ሆዳቸውን የተመቱት ይቅደሙ ተብሎ ነው። አብራሪው ዞር ብሎ አላየንም። «እመለሳለሁ በለው» ብቻ አለኝ። አልኩት። ልጁ የሰማኝ አይመስለኝም፣ የሞተሩ ድምፅ አያሰማም።

የእናትህ ቃል እኔ እንደሚገባኝ ይህ ነው። የቀሩትን ለማምጣት ነው የሚመለሱት። መጀመሪያ ስትሄድ ማዶ ያለው ሰው አልጠበቀህም። ስትመለስ ግን በየት እንደምትመጣም፣ የት እንደምታርፍም አውቆ መትረየሱን ደግኖ ነው። ሌላ ቦታ አታርፍ ነገር፣ ቁስለኞቹ ያሉት እዚያው ነው።

ጀት ውስጥ ያለ ሰው ቢመታ ወንበሩ አስፈንጥሮ ያወጣዋል። እኛ ራስ ላይ ክንፍ ይሽከረከራል፣ የሚፈናጠር ወንበር የለም። ሁለቱም ሞተር ቢጠፋ እንኳ ከፍታ ካለህ ማንሻውን ቶሎ ታወርደዋለህ፤ ከሥር የሚመጣው አየር ክንፉን እያዞረ ያወርድሃል። ዛፍ ለዛፍ ስትበር ግን ለዚያ የሚሆን ጊዜ አታገኝም።

ያን ልጅ ተመልሰን አመጣነው። ይህን ሳልነግርህ እንዳልዘጋ።

ሚግ-23

ጋሼ ይቅርታ። የታክሲዋን ነገር አላነሳሁም በሉኝ።

ሰላም አስከባሪ የነበረው

እኔ ሌላ ዘመን ነው፣ ዳርፉር። ተመድ ሄሊኮፕተር የሚሰጠው አገር አጥቶ ስንት ጊዜ ሲለምን ነበር። በ2002 ዓ.ም. የካቲት ላይ የእኛ አምስት ሄሊኮፕተሮች ኒያላ ገቡ። እግረኛ ነበርኩ። ያንን ድምፅ መስማት ምን እንደሆነ ምድረ በዳ ላይ ያላደረ አያውቀውም። ስለ አብራሪዎቹ ግን እስከ ዛሬ አንድም ቀን አስቤ አላውቅም ነበር።

የአስመራዋ

ልጄ፣ እኔም የአብራሪ ሚስት ነበርኩ። የእኔው በሕይወት ተመልሶ በጡረታ ነው ያረፈው። አሁን አዳማ ከልጄ ጋር ነኝ።

ባለቤቴ አስመራ ተመድቦ ሳለ አብሬው ነበርኩ። ጠዋት ሲወጡ እንቆጥራለን፣ ሲመለሱ እንቆጥራለን። ልብስ እያሰጣን፣ ሽንኩርት እየከተፍን። ማንም ለማንም «እየቆጠርኩ ነው» አይልም። አንዷ ስትጎድል ግቢው ጸጥ ይላል፣ ሁላችንም በየበራችን ቆመን መርዶ ይዛ የመጣችው መኪና የማን ቤት እንደምትቆም እናያለን። መኪናዋ ያለፈቻት ሴት ደስ ይላታል። በዚያ ደስታ ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ ታፍራለች። እናትህ የምትደብቀው ሐዘኗን ብቻ ላይሆን ይችላል፤ የዚያን ቀን የጎረቤቶቿን ዓይን ታስታውስ ይሆናል።

ባለቤቴ ማታ ሲገባ በቀጥታ ወደ ውሃ ነበር የሚሄደው። እጁን እስከ ክርኑ ያጥባል። የሄሊኮፕተሯን ወለል ከቴክኒሺያኖቹ ጋር አጥቦ እንደሚመጣ የነገረኝ ሃያ ዓመት ቆይቶ ነው። እኔ ዘይት ይመስለኝ ነበር።

እናትህን አታስጨንቃት። አንብብላትና ተዋት።

የፍራንኮው ልጅ (ጠያቂ)

ትናንት ማታ መብራት ጠፍቶ ነበር፣ በስልኬ ብርሃን አነበብኩላት። ልጄ ጭኗ ላይ ተኝቷል። የጋሼን እስከ መጨረሻው ሰማች። የእትዬን ሳነብ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች፣ የመኪናዋ ቦታ ላይ ስደርስ «ዝለለው» አለችኝ። ዘለልኩት።

ከዚያ ብዙ ዝም ብላ ቆየችና ጋሼን አረመች። «ሁለት ጊዜ ተመልሷል» አለች። «ሁለቱንም ሞልቶ አምጥቷል። በሦስተኛው ነው።» ማን እንደነገራት ጠየቅኳት። ከሁለተኛው ጉዞ ላይ ከወረዱት አንዱ፣ በምርኩዝ ሆኖ፣ ቤት ድረስ መጥቶ ነግሯት ነበር። እኔን አቅፎኝ ነበር አለች። አላስታውስም።

ጓንቱን ተቀብላኝ እጇ ላይ አጠለቀችው፣ ሰፋት። ቀኙ የት እንዳለ አልጠየቅኳትም።

ጋሼ፣ እሁድ ከሰዓት እናቴ ቡና ታፈላለች። «ያ መካኒክ ይምጣ» ብላለች። እትዬም ከልጅዎ ጋር ቢመጡ ደስ ይለናል። ስልኬን በውስጥ መስመር ልኬላችኋለሁ። ፍራንኮ ስትደርሱ ደውሉልኝ፣ ባጃጁ ውስጥ ድረስ አይገባም፣ ኮብልስቶኑን ፈንቅለውታል።