ኤፍ-104 ሞዴል ጀት ሲያርፍ ክንፉን እየጣለና እየነጠረ አስቸግሮኛል፤ ምን ላስተካክል?

ጥያቄ፦ ከኦሮራ፣ ኮሎራዶ

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። በሪሞት የሚበር የኤፍ-104 ስታርፋይተር ሞዴል አለኝ። ከፎም የተሠራ፣ 90 ሚሊ ሜትር ፋን ያለውና በ6 ሴል ሊፖ ባትሪ የሚሠራ ነው። ባትሪው ገብቶ ለበረራ ሲዘጋጅ 3.2 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ የክንፉ ስፋት በልኬቴ መሠረት 20 ካሬ ዴሲ ሜትር ገደማ ነው። ከዚህ በፊት የፕሮፔለር ሞዴሎችንና አንድ ኤፍ-16 ለዓመታት ሳበር ቆይቻለሁ፤ ማሳረፍም አስቸግሮኝ አያውቅም። ይህኛው ግን አየር ላይ እጅግ ደስ የሚል ሆኖ ሳለ መሬት ሲቀርብ ሁለት ዓይነት ጠባይ ያሳየኛል።

አንደኛው፣ ወደ ማኮብኮቢያው ጫፍ ሲደርስ ፍጥነቱ የበዛ መስሎኝ ኃይሉን ስቀንስ፣ ገና ከመሬት ሁለት ሜትር ያህል ከፍ ብሎ እያለ አንዱ ክንፉ በድንገት ይወድቃል፤ በኤይለሮን (በክንፉ የኋላ ጠርዝ ላይ ባለው ማጋደያ) ላቃናው ስሞክር ይባሱን ይገለበጣል። ሁለተኛው፣ ፈጠን አድርጌ ሳመጣው የፊት ጎማው ቀድሞ መሬት ይነካና ይነጥራል፤ ቀጥሎም የባሰ ይነጥርና የፊት እግሩ ይታጠፋል። የምናበርበት ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ሲሆን አስፋልቱ 180 ሜትር ይረዝማል። ፍላፕ (ለማረፍ ወደ ታች የሚታጠፈውን የክንፍ ክፍል) ሙሉ በሙሉ እከፍታለሁ፤ ሞዴሉን በራሱ የሚያረጋጋ ጃይሮም ተገጥሞለታል። ይረጋጋል በሚል የክብደቱን ሚዛን መመሪያው ከሚለው ነጥብ ትንሽ ወደ ፊት አድርጌዋለሁ። ልምዱ ያላችሁ ብታግዙኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ወንድሜ፣ ክብደቱንና የክንፉን ስፋት ለክተው ማቅረብዎ ሥራችንን ያቀልልናል፤ እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ሳይታወቁ ስለ ማረፍ የሚሰጥ ምክር ግምት ብቻ ነው። በሰጡን ልኬት መሠረት እያንዳንዱ ካሬ ዴሲ ሜትር ክንፍ 160 ግራም ይሸከማል፤ ይህም ለፎም ሞዴል ከባድ ሸክም ነው። ፍላፑ ተከፍቶ ክንፉ መካከለኛ የማንሳት አቅም አለው ብለን ብናሰላ፣ ስቶል የሚያደርግበት፣ ማለትም ክንፉ ክብደቱን መሸከም የሚያቅተው ፍጥነት፣ በባሕር ወለል ላይ በሰዓት 58 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። እርስዎ ባሉበት ከፍታ፣ ሙቀቱ 30 ዲግሪ በሚደርስበት ቀን አየሩ 22 በመቶ ያህል ስለሚሳሳ ያው ክንፍ ያንኑ ክብደት ለመሸከም በ13 በመቶ መፍጠን አለበት፤ ስለዚህ የስቶሉ ፍጥነት ወደ 65 ከፍ ይላል። ለማረፍ ሲቀርቡ ከስቶል ፍጥነት 30 በመቶ ጨምሮ መምጣት የተለመደ ደንብ በመሆኑ፣ የእርስዎ ጀት በቀጥታው አቀራረብ ላይ በሰዓት 85 ኪሎ ሜትር ያህል መብረር ይኖርበታል።

የችግሩ ሥር እዚህ ላይ ይመስለኛል። «ፍጥነቱ የበዛ መስሎኝ ኃይሉን ስቀንስ» ብለዋል። ዓይንዎ የሚያየው ሞዴሉ በመሬቱ ላይ የሚያልፍበትን ፍጥነት ሲሆን፣ ክንፉ የሚሰማው ግን አየሩ የሚያሳርፍበትን ግፊት ብቻ ነው። በስስ አየር ውስጥ ትክክለኛው ፍጥነት ሁልጊዜ ለዓይን የበዛ ይመስላል። በኤፍ-16 ይህ ያልታየዎት ክንፉና ሰውነቱ ተዋሕደው ስለሚያነሱና አፍንጫው ቀና ሲል ቀስ ብሎ ስለሚሰምጥ ነው፤ የኤፍ-104 አጭርና ቀጭን ክንፍ ግን ብዙም ሳያስጠነቅቅ ይለቃል።

ክንፉ ሲወድቅ በኤይለሮን ማቃናት ይበልጥ የሚገለብጠውም ለዚህ ነው። ወደ ታች የታጠፈው ኤይለሮን ቀድሞውንም ማንሳት ያቃተውን የክንፍ ጫፍ ከአየሩ ጋር ያለውን ማዕዘን ይጨምርበታል። በዚያ ቅጽበት የሚያድነው ኤለቬተሩን (አፍንጫውን ቀናና ዝቅ የሚያደርገውን የጭራ መሪ) መልቀቅ፣ ኃይል መስጠትና ረደሩን (የቋሚውን ጭራ መሪ) ቀስ ብሎ ወደ ተቃራኒው መግፋት ነው። እርግጥ በሁለት ሜትር ከፍታ ላይ ይህን ሁሉ ለማድረግ ጊዜ አይኖርም፤ ስለዚህ መፍትሔው እዚያ ደረጃ አለመድረስ ነው።

ወደ መጨረሻው ቀጥታ መስመር የሚገቡበትን መዞሪያም ይመልከቱ። በ45 ዲግሪ አጋድሎ የሚዞር አውሮፕላን የስቶል ፍጥነቱ በ19 በመቶ ከፍ ስለሚል የእርስዎ 65 ወደ 77 ይደርሳል። መዞሪያውን ሰፊ ያድርጉት፤ ማጋደሉም ከ30 ዲግሪ ባይበልጥ ይመረጣል።

መልስ፦ ከሽቱትጋርት፣ ጀርመን

በምኖርበት አገር የዚህ አውሮፕላን ስም ሲነሳ ዛሬም የሚያዝን ሰው አይጠፋም። ምዕራብ ጀርመን 916 ስታርፋይተሮች ተረክባ 292ቱን በአደጋ አጥታለች፤ የሞቱት አብራሪዎችም ከመቶ ይበልጣሉ። ለአደጋዎቹ ብዙ ምክንያቶች ነበሯቸው፤ ይሁንና ሞዴሉን ለምናበር ሰዎች ከእውነተኛው አውሮፕላን የሚገኝ ትምህርት አለ።

በሎክሂድ ኩባንያ ኬሊ ጆንሰን የመሩት ቡድን ኤፍ-104ን የነደፈው ለፍጥነት ነው። የክንፉ ርዝመት ከጫፍ ጫፍ 6.6 ሜትር ገደማ ብቻ ሲሆን፣ የክንፉ የፊት ጠርዝ ከመሳሳቱ የተነሳ መሬት ላይ የሚሠሩ ሰዎችን እንዳይቆርጥ መሸፈኛ ይደረግለት ነበር። እንዲህ ያለ ክንፍ በዝግታ ማረፍ ስለማይችል ከሞተሩ የተወሰደ የታመቀ አየር በፍላፖቹ ላይ እንዲነፍስ ተደረገ፤ በዚህም ምክንያት አብራሪው ጎማዎቹ መሬት ሳይነኩ ኃይሉን ቢዘጋ ክንፉ የማንሳት አቅሙን በድንገት ያጣ ነበር። የእኛ ሞዴሎች ይህ ሥርዓት የላቸውም፤ ሆኖም ኃይሉን ሳይዘጉ የማሳረፍ ደንብ ለእኛም በሌላ ምክንያት ይሠራል። ሙሉ በሙሉ የተዘጋ ፋን ስሮትል (ኃይል) ሲሰጠው እስኪያፈጥን ድረስ አንድ ሰከንድ ያህል ሊወስድበት ይችላል፤ በሰዓት 85 ኪሎ ሜትር የሚበር ሞዴል ደግሞ በአንድ ሰከንድ ከ23 ሜትር በላይ ይጓዛል። ስለዚህ ፋኑ በቀጥታው አቀራረብ ላይ ሁልጊዜ እየጎተተ ይምጣ፤ ከፍታውን በስሮትል፣ ፍጥነቱን በአፍንጫው አቅጣጫ ይቆጣጠሩ። ስሮትሉን የሚዘጉት የኋላ ጎማዎቹ መሬት ከነኩ በኋላ ነው።

ሌላው ጭራው ነው። አግዳሚው ጭራ ከላይ ስለተቀመጠ አፍንጫው ከመጠን በላይ ቀና ሲል ከክንፉ የሚወጣው የተበጠበጠ አየር ያገኘዋል፤ እውነተኛው አውሮፕላን በዚህ የተነሳ አፍንጫው በራሱ ወደ ላይ እንዳይሸሽ ዱላውን የሚያንቀጠቅጥና ወደ ፊት የሚገፋ መሣሪያ ተገጥሞለት ነበር። ስለዚህ በሞዴሉ ሲያርፉ አፍንጫውን እንደ ኤፍ-16 ከፍ አድርገው ለመያዝ አይሞክሩ። ወደ መሬት ሲጠጋ መውረዱን ለማቆም የሚበቃ ያህል ብቻ ቀና ያድርጉት።

መልስ፦ ከዳላስ፣ ቴክሳስ

ስለ ሁለተኛው ችግርዎ፣ ስለ መንጠሩ ልመልስ። የክብደቱን ሚዛን ወደ ፊት ማድረግዎ ረድቶኛል ብለው ቢያስቡም፣ በማረፊያ ላይ የሚጎዳዎት እርሱ ነው ብዬ አምናለሁ። አፍንጫው ሲከብድ ጭራው ወደ ታች አብዝቶ መግፋት ይኖርበታል፤ ክንፉም ከሞዴሉ ክብደት በተጨማሪ ያንን ግፊት ስለሚሸከም የስቶል ፍጥነቱ ይጨምራል። በመጨረሻው ሰዓት ደግሞ ኤለቬተሩ አፍንጫውን ለማቅናት አቅም ስለሚያጥረው የፊት ጎማው ቀድሞ ይነካል። ያን ጊዜ አፍንጫው ወደ ላይ ይመለስና ክንፉ እንደገና ያነሳል፤ አብራሪው ደግሞ ወደ ታች ሲገፋው ቀጣዩ ንጥረት የባሰ ይሆናል።

ባትሪውን በየበረራው ጥቂት ሚሊ ሜትር እያደረጉ ወደ ኋላ በመግፋት መመሪያው ወደሚለው ነጥብ ይመልሱት፤ ከነጥቡ ግን አያሳልፉት። ሚዛኑን የሚለኩት ባትሪው ገብቶ፣ ጎማዎቹ ወርደውና የክንፍ ጫፍ ታንኮቹ ተገጥመው መሆን አለበት። ሞዴሉን ጠፍጣፋ ወለል ላይ አቁመው ከጎን ይመልከቱት፤ አፍንጫው ቀና ብሎ የሚቆም ከሆነ የፊት እግሩ ረዝሟል ማለት ነው፤ ይህም መንጠሩን ያባብሰዋል። ከነጠረ ደግሞ ወደ ታች ገፍተው ለማሳረፍ አይሞክሩ፤ ኃይል ሰጥተው ይነሱና እንደገና ይዙሩ።

እንደገና ለመዞር ባትሪ መኖር አለበት። የሰዓት ማስጠንቀቂያውን ሦስት ደቂቃ ላይ ይሙሉት፤ ካረፉ በኋላ የቀረውን ይለኩና ከ30 በመቶ በታች ከሆነ ያሳጥሩት። ሙሉ ፍላፕንም ለጊዜው ቢተዉት እመርጣለሁ። አየሩ በሳሳበት ቦታ ፋኑ ራሱ የሚሰጠው ግፊት ስለሚቀንስ፣ ጎማውና ሙሉ ፍላፑ ወርደው እያለ ለመነሳት የሚተርፈው ኃይል ትንሽ ነው። በግማሽ ፍላፕ ይጀምሩ።

ጠያቂው፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሁን ያለኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ ዓይኔ ከዋሸኝ፣ ፍጥነቱን በምን ልወቅ? ጂፒኤስ ብገጥም ይበቃል? ጃይሮውስ ይቆይ ወይስ ይጥፋ?

መልስ፦ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ጂፒኤስ የሚነግርዎት የመሬት ፍጥነትን ስለሆነ ነፋስ ሲኖር ያሳስትዎታል። ፒቶት የሚባለውን የአየር ግፊት መለኪያ ቱቦ ይግጠሙ፤ እውነተኛው ኤፍ-104ም አፍንጫው ላይ ረጅም የመለኪያ ዘንግ ስላለው ለሞዴሉ መልክ ተስማሚ ነው። ትልቁ ጥቅሙ የሚታየው ደግሞ በከፍታ ቦታ ነው። መሣሪያው ግፊቱን ለክቶ በባሕር ወለል አየር መሠረት የሚያሰላ ከሆነ፣ ክንፉ ስቶል የሚያደርግበት ንባብ የትም ቦታ ያው 58 ገደማ ይሆናል። እውነተኛው ፍጥነት 85 ቢሆንም ንባቡ 75 ይላል፤ እርስዎም ከፍታውንና ሙቀቱን እያሰቡ መጨነቅ ሳያስፈልግዎ 75 ላይ መጠበቅ ብቻ ይሆናል ሥራዎ። ሪሞትዎ በድምፅ የሚናገር ከሆነ ከ70 በታች ሲወርድ እንዲያስጠነቅቅዎ ያድርጉት።

የእኔን ስሌት ብቻ አይመኑ፤ ሞዴሉን ራሱን ይጠይቁት። 100 ሜትር ያህል ከፍ ይበሉ፤ እዚህ አገር የሚፈቀደው ጣሪያ 400 ጫማ፣ ማለትም 120 ሜትር ገደማ መሆኑን አይርሱ። የሞዴሉን አፍንጫ ወደ ነፋሱ አድርገው፣ ጎማውንና ግማሽ ፍላፑን አውርደው ስሮትሉን በጥቂት በጥቂቱ ይቀንሱ፤ ከጎንዎ የቆመ ሰው ንባቡን ጮክ ብሎ ይንገርዎት። ክንፎቹ መወዛወዝ ሲጀምሩ አፍንጫውን ዝቅ አድርገው ኃይል ይስጡ። ያ ንባብ የእርስዎ ሞዴል እውነተኛ ወሰን ነው፤ የማረፊያ ፍጥነትዎም ከዚያ ላይ 30 በመቶ ተጨምሮበት ይወሰናል።

መልስ፦ ከሽቱትጋርት፣ ጀርመን

ጃይሮውን በዚህ ሙከራ ጊዜ ያጥፉት እላለሁ። ጃይሮ ክንፉን እያቃና ስለሚይዘው የመወዛወዙን ምልክት ይደብቅብዎታል፤ እርሱም የሚያቃናው በኤይለሮን ነው።

መልስ፦ ከዳላስ፣ ቴክሳስ

ለሙከራው እስማማለሁ፤ ለዕለት ተዕለት በረራ ግን እንዲቆይ እመክራለሁ፤ ንፋሱ በሚረብሽበት ቀን ይህን አጭር ክንፍ ያለ ጃይሮ ማሳረፍ አድካሚ ነው። የጃይሮው ጥንካሬ ዝቅ ይበል፤ አቅጣጫ ቆልፎ የሚይዘው ሞድ ሲያርፉ ፈጽሞ አይብራ። ከእያንዳንዱ የበረራ ቀን በፊትም መሬት ላይ ሞዴሉን ወደ ቀኝ ያጋድሉትና የቀኙ ኤይለሮን ወደ ታች መውረዱን ያረጋግጡ። በተቃራኒው ከሄደ ጃይሮው ተገልብጦ ስለተሞላ አያብሩት።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ

ይህ ስሌት ለእኛ ከተማስ ምን ይላል?

መልስ፦ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

በ2,350 ሜትር ከፍታ፣ 20 ዲግሪ በሆነ ቀን አየሩ ከባሕር ወለሉ አየር በሩብ ያህል ይሳሳል፤ የስቶል ፍጥነት በ16 በመቶ ይጨምራል። ይኸው ሞዴል አዲስ አበባ ላይ ሲቀርብ በሰዓት 87 ኪሎ ሜትር ገደማ መብረር አለበት ማለት ነው። አየሩ ሲሳሳ የፋኑ ግፊትም ስለሚቀንስ፣ ከፍታው ላይ ለሚያበር ሰው ቀላል ሞዴል መምረጥ ትልቅ ፋን ከመምረጥ ይቀድማል።

ጠያቂው፦

ፒቶቱን ገጥሜ፣ ባትሪውን ወደ ኋላ መልሼ በከፍታ ሞከርኩት። በግማሽ ፍላፕ ንባቡ 60 ላይ ሲደርስ ክንፎቹ መወዛወዝ ጀመሩ። ከዚያ በኋላ 78 ላይ እየጠበቅኩ ፋኑን ሳልዘጋ ሳመጣው የኋላ ጎማዎቹ ቀድመው ነኩ፤ አልነጠረም። ከልብ አመሰግናችኋለሁ። ሜዳችን ላይ ከሰዓት በኋላ የጎን ነፋስ ስለሚበዛ፣ በዚያ ጊዜ እንዴት እንደማሳርፈው ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

መልስ፦ ከዳላስ፣ ቴክሳስ

እንኳን ደስ ያለዎት። አፍንጫውን በጥቂቱ ወደ ነፋሱ አዙረው፣ ክንፎቹን አስተካክለው በዚያው አቅጣጫ ይምጡ እንጂ ክንፉን ወደ ነፋሱ አጋድለው አያሳርፉት፤ የክንፍ ጫፍ ታንኮቹ ለመሬት ቅርብ ስለሆኑ ይነካሉ። ሊነካ ሲል በረደር አፍንጫውን ከአስፋልቱ ጋር ያስተካክሉ። በአብዛኞቹ ሞዴሎች የፊት ጎማው ከረደሩ ጋር አብሮ ይዞራል፤ ስለዚህ የኋላ ጎማዎቹ ከነኩ በኋላ የፊት ጎማው ከመውረዱ በፊት ረደሩን ወደ መሃል ይመልሱት፤ አለዚያ ሞዴሉ በዚያ ፍጥነት ከአስፋልቱ ጠምዝዞ ይወጣል።