አውራ ጣት የምታህል ግንደ ቆርቁር አለች? ከሰሙሊኪ ደን የመጣ ጥያቄ

የካምፓላው (ጥያቄ)፦

ጤና ይስጥልኝ። ኑሮዬ ካምፓላ ነው፤ ባለፈው ወር በምዕራብ ኡጋንዳ፣ ከኮንጎ ድንበር ላይ ወደሚገኘው የሰሙሊኪ ብሔራዊ ፓርክ ከጓደኞቼ ጋር ሄጄ ነበር። በደኑ ውስጥ ስንጓዝ፣ ውኃ ካቆረ ስፍራ አጠገብ፣ ሐረግ በተጠላለፈበት ቁጥቋጦ ውስጥ፣ ከእርሳስ ብዙም በማይወፍር የደረቀ ጭራሮ ላይ አንዲት በጣም ትንሽ ወፍ ራሷን ዘቅዝቃ እንጨቱን ስትቀጠቅጥ አየሁ። ድምፁ ዝግ ያለ ነበር፤ ሰው ሐሳብ ይዞት በጥፍሩ ጠረጴዛ ሲነካካ የሚሰማውን ይመስላል። አስጎብኚያችን ግንደ ቆርቁር መሆኗን ነገረን፤ እኔ ግን ለመቀበል ተቸገርሁ። በልጅነቴ የማውቀው ግንደ ቆርቁር በወፍራም ግንድ ላይ ቀጥ ብሎ ተለጥፎ፣ ጅራቱን እንደ ምርኩዝ ተደግፎ የሚቆረቁር ነው፤ ይህች ግን ጅራት አላት ለማለት እንኳ የሚያስቸግር ነው፤ መላ አካሏም ከአውራ ጣቴ ብዙም አይበልጥም። በእርግጥ ግንደ ቆርቁር ናትን? ከሆነችስ፣ ዙሪያዋን ያ ሁሉ ግዙፍ ዛፍ ቆሞ እያለ ለምን ጭራሮ ትመርጣለች?

ወፍ ተመልካች፦

አስጎብኚዎች አንዳንድ ጊዜ እንግዳውን ለማስደሰት ሲሉ ይቸኩላሉ። በዚያው ደን አካባቢ ቲት ሃይሊያ የምትባል ወፍ ትገኛለች፤ ቁመቷ 7 ሴንቲሜትር ተኩል ያህል ስለሆነ ከአፍሪካ ትንንሽ ወፎች መካከል ትቆጠራለች። ጅራቷ አጭር ነው፣ በቅርንጫፍ ላይም ተዘቅዝቃ ትመገባለች። ጭንቅላቷና ደረቷ ላይ ጭረት ጭረት መልክ፣ ሆዷና ወገቧ ላይ ደግሞ ቢጫ ቀለም አይተው ከሆነ እርሷ ናት። የወፏን መልክ ቢገልጹልን ጥሩ ነበር።

የካምፓላው፦

ስለ ጥንቃቄው አመሰግናለሁ። ጭረትም ቢጫም አላየሁም። ጀርባዋ የወይራ ቅጠል የመሰለ አረንጓዴ፣ ከአንገቷ በታች ደግሞ እንዳለ አመድማ ነበር፤ በዓይኗ ዙሪያም ቀይ ነገር ያየሁ መሰለኝ። አንድ ነገር ግን በእርግጠኝነት እናገራለሁ፤ ቅጠል ስትለቅም አልነበረም፣ እንጨቱን ትመታ ነበር።

የሥነ ሕይወት መምህር፦

እንግዲህ አስጎብኚዎ አልተሳሳተም። ጠንካራ እንጨት በመንቁር መምታት የቲት ሃይሊያ ልማድ አይደለም፤ አረንጓዴ ጀርባ፣ አመድማ ሆድና በዓይን ዙሪያ ላባ የሌለበት ቀይ ቆዳ ሲገናኙ ደግሞ የምናገኘው አፍሪካዊውን ፒኩሌት ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ቬሮክሲያ አፍሪካና ነው። ቁመቱ ከ8 እስከ 10 ሴንቲሜትር፣ ክብደቱም 10 ግራም አካባቢ ስለሆነ፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ቢመዘን ከእርሱ ብዙም አይርቅም። በአማርኛ የታወቀ ስም ስለሌለው እኔ ለተማሪዎቼ «ድንክ ግንደ ቆርቁር» እለዋለሁ፤ የተሻለ ስም ያለው ካለ በደስታ እቀበላለሁ።

ዝርያውን በ1855 ከጋቦን በመጣ ናሙና ላይ ተመሥርተው ለሳይንስ ያስተዋወቁት፣ በፓሪስ የተፈጥሮ ናሙና ይነግዱ የነበሩት ወንድማማቾቹ ዡልና ኤዱዋር ቬሮ ናቸው፤ የወገኑም ስም ከእነርሱ የተወሰደ ነው። በአገራችን ደጋማ ገደሎች የሚያንዣብበው ትልቁ ጥቁር ንስርም የሚጠራው በዚሁ ቤተሰብ ስም በመሆኑ፣ አራት ኪሎ ያህል የሚመዝን ንስርና አሥር ግራም የምትመዝን ወፍ ሞክሼ ሆነዋል።

ወደ ዋናው ጥያቄዎ ስመለስ፣ ፒኩሌቶች በግንደ ቆርቁሮች ቤተሰብ ውስጥ የራሳቸው ቅርንጫፍ ያላቸው እውነተኛ ግንደ ቆርቁሮች ናቸው። መንቁራቸው አጭር ቢሆንም ቀጥ ያለና ሹል ነው፣ ምላሳቸውም ረጅም ነው፣ ጎጆአቸውንም በእንጨት ውስጥ ራሳቸው ይፈለፍላሉ። የሚለዩት እርስዎ እንዳስተዋሉት በጅራታቸው ነው። የትልልቆቹ ግንደ ቆርቁሮች መካከለኛ የጅራት ላባዎች ደንዳና ስለሆኑ፣ ወፉ ግንዱን በኃይል በሚመታበት ጊዜ ሰውነቱን ደግፈው ይይዙለታል፤ የፒኩሌት ጅራት ግን አጭርና ለስላሳ ስለሆነ ለድጋፍ አይሆንም። እንደ እኔ አስተያየት ይህ ጉድለት አይደለም። ሰውነቷ ከመቅለሉ የተነሣ ምርኩዝ ሳያስፈልጋት በጭራሮው ላይ አግድምም ሽቅብም ቁልቁልም ትሄዳለች፤ ከበታቹ ተንጠልጥላም ትሠራለች። ተራው ግንደ ቆርቁር ቢያርፍበት በሚጎብጥ ወይም በሚሰበር እንጨት ላይ እርሷ እንደ ልቧ ትመገባለች፤ ስለዚህ ግዙፎቹን ዛፎች ለትልልቆቹ ትታ፣ ማንም በማይሻማት ጭራሮና ሐረግ ውስጥ ገበታዋን ዘርግታለች ማለት ይቻላል።

በዚያ ቀጭን እንጨት ቅርፊት ሥር የምትፈልገው በአብዛኛው እንጨት የሚበሉ የትንንሽ ጥንዚዛዎችን እጭ ነው። አከታትላ እየቀጠቀጠች ቅርፊቱን ትበሳና እጩን ትመዛለች። እንዲህ ያለ ምግብ የሚበዛው ደግሞ ዛፍ ወድቆ ብርሃን በገባበት፣ እርሻ ተትቶ ደን ዳግም ባቆጠቆጠበት፣ እንዲሁም በጅረት ዳር ነው፤ እዚያ ብዙ ቀጫጭን ግንድ በአንድ ጊዜ ይበቅላል፣ ለብርሃን ሲሻማም አብዛኛው ይደርቃል። ብዙ ጎብኚ በሰሙሊኪ አንገቱን አቅንቶ «የብረት እንጨት» የሚባለውን የዛፍ ጫፍ ሲቃኝ ውሎ ይህችን ወፍ ሳያይ የሚመለሰው ለዚህ ይመስለኛል፤ እርሷ አብዛኛውን ጊዜ በጉልበትና በደረት ከፍታ ባለው ቁጥቋጦ ውስጥ ናት። ብቻዋን ወይም ከጓደኛዋ ጋር ትታያለች፤ ከሌሎች ትንንሽ ወፎች መንጋ ጋር ተቀላቅላ መሄዷም የተለመደ ነው። ጎጆዋን የምትፈለፍለው ዝቅ ብላ፣ በቀጭንና በበሰበሰ ግንድ ላይ ሲሆን፣ እንደ ሌሎቹ ግንደ ቆርቁሮች ነጭ እንቁላል ትጥላለች።

ደን በከፊል ሲመነጠር እንዲህ ያለው ስፍራ ስለማይጠፋና የመኖሪያ ክልሏም ከምዕራብ አፍሪካ ጫካዎች አንሥቶ በካሜሩን፣ በጋቦንና በኮንጎ በኩል እስከ ምዕራብ ኡጋንዳ ስለሚደርስ፣ በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገብ ላይ ለአስጊ ሁኔታ ካልተጋለጡት ዝርያዎች ጋር ተመድባለች። ጨርሶ የተመነጠረ መሬት ግን አይሆናትም።

ፎቶግራፍ አንሥተው ከነበረ ግንባሯን ይመልከቱልኝ፤ ወንዱ ግንባሩ ላይ ዳማ ቀለም ስላለው በእርሱ ይለያል።

የጎሬው ልጅ፦

መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እኔ ያደግሁት ኢሉባቦር በደን መካከል ነው። ሰሙሊኪ ካለች፣ በእኛ ወይም በከፋና በሸካ ደን ውስጥ የማትኖርበት ምክንያት ምንድን ነው? የጫካው ጥቅጥቅነት ከዚያ የሚያንስ አይመስለኝም።

የሥነ ሕይወት መምህር፦

ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ መልሱ ያለው ግን ከጥቅጥቅነቱ ይልቅ በከፍታውና በመካከል ባለው ስፍራ ይመስለኛል። ሰሙሊኪ 220 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ቢሰፋም፣ ከባሕር ወለል በላይ 700 ሜትር አካባቢ ላይ የተዘረጋ፣ የኮንጎው የኢቱሪ ታላቅ ቆላማ ደን ምሥራቃዊ ጫፍ ነው፤ ለእርሷ የአንድ ሰፊ ቤት በረንዳ እንደ ማለት ነው። የከፋና የኢሉባቦር ደን በአብዛኛው ከዚያ እጅግ ከፍ ያለና ቀዝቀዝ ያለ ሲሆን፣ በመካከላቸውም የደቡብ ሱዳን ሣራማ ሜዳና ረግረግ ተንጣሎአል። በጥሻ ውስጥ ከጭራሮ ወደ ጭራሮ የምትዘዋወር ወፍ ያን ሁሉ ሜዳ አቋርጣ ትመጣለች ብሎ ማሰብ ይከብዳል። በኢትዮጵያ ያሉት ትንንሾቹ ግንደ ቆርቁሮች ከ13 እስከ 16 ሴንቲሜትር ይደርሳሉ፤ ከእነርሱም አንዱ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ የማይገኝ ነው።

ይበልጥ የሚገርመው ግን ሌላ ነው። ፒኩሌቶች በጠቅላላው 30 ያህል ዝርያዎች ሲሆኑ አብዛኞቹ የደቡብ አሜሪካ ነዋሪዎች ናቸው፤ በአማዞን ደን የሚኖር አንደኛው ዝርያ ቁመቱ 7 ሴንቲሜትር ተኩል ገደማ በመሆኑ ከዓለም ግንደ ቆርቁሮች ሁሉ እጅግ ትንሹ ከሚባሉት ውስጥ ነው። በእስያ ጥቂት ዝርያዎች አሉ፤ በአፍሪካ ግን የካምፓላው ወዳጃችን ያያት ብቻ ናት። የዘር ቅንጣት ምርመራ እንዳሳየው የቅርብ ዘመዶቿ የሚኖሩት ከሂማልያ ግርጌ አንሥቶ እስከ ቦርኒዮና ጃቫ ባለው የቀርከሃና የቁጥቋጦ ስፍራ ነው። የተለያዩትም ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት ነው።

የካምፓላው፦

ፎቶግራፉን አጉልቼ አየሁት። ብዥታ አለው፤ ሆኖም በዓይኗ ዙሪያ ያለው ቀይ ቀለበት በግልጽ ይታያል፣ ግንባሯ ላይ ግን ዳማ የሚባል ነገር የለም፤ ስለዚህ ሴቷን ነው ያየኋት። ለአስጎብኚያችን ደውዬ ስለ መጠራጠሬ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። እርሱም ሥቆ፣ በሚቀጥለው ስመጣ ወንዱን በዚያው ቁጥቋጦ እንድንጠብቅ ቀጠሮ ሰጥቶኛል።