ጊታሬ ዝዝ ይላል፤ አንገቱን ልንካው ወይስ ልተወው?

ሰላም ወገኖች፣ ጊታር የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ። አኩስቲክ ጊታር ነው። ወፍራሙን ስድስተኛ ክር ከመጀመሪያው እስከ አራተኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ የተደረደሩት የብረት ዘንጎች) ስጫነው ዝዝ ይላል፣ ሳልጫነው ስመታውም ያው ነው። ከአምስተኛው ወዲያ ግን ድምፁ ጥርት ያለ ነው። የበገናን ዝዝታ በጣም እወዳለሁ፤ እሱ ግን ክሩ ስር በሚገባው ቁራጭ ቆዳ ሆን ተብሎ የሚመጣ ነው፣ የኔው ዜማውን እያበላሸብኝ ነው።

የጀመረው ክር ከቀየርኩ በኋላ ነው። ድሮ 12 ቁጥር ነበር፣ ጣቴን ስላመመኝ 10 አደረግኩበት። ቀጭን ክር አንገቱን የሚስብበት ኃይል ስለሚያንስ አንገቱ ወደ ኋላ ሄዶ ይሆናል ብዬ ጠረጠርኩ። ክሩን አንደኛውና አስራ አራተኛው ፍሬት ላይ አንድ ላይ ተጭኜ ሰባተኛው ጋ አየሁት። ሩብ ሚሊ ሜትር አካባቢ ክፍተት መኖር ነበረበት፣ የኔ ግን ክሩ ፍሬቱ ላይ ተኝቷል።

የተቸገርኩት እዚህ ጋ ነው። ትራስ ሮዱን (አንገቱ ውስጥ ያለውን ማስተካከያ ብረት) በአለን ኪ ወደ ግራ ሩብ ዙር ላላላው ስል አልንቀሳቀስም አለኝ። ጨክኜ ባዞረው እንዳይሰበር ፈራሁ። መጀመሪያ ክሮቹን ላላላ? ወይስ ወደ 12 ቁጥር ተመልሼ ጥቂት ቀን ልጠብቅ? አንድ ጥገና ቤት በደንብ ሳያየው ፍሬቱ ይሞረድ አለኝ፣ ግን አንዴ የተሞረደ ፍሬት አይመለስም። ጊታሩ የአባቴ ስለሆነ በግምት መንካት አልፈልግም። በእጁ ሞክሮ ያስተካከለ ሰው ካለ እባካችሁ ይንገረኝ።