በድሮ የፖሊስ ድራማ ላይ የሚታየው የዱቤ ካርድ ማጭበርበር፦ ሻጯ ለምን አትደውልም?

ካሸር ዘፒያሳ
እንደ «ድራግኔት» ባሉት የድሮ የአሜሪካ ፖሊስ ድራማዎች የሱቅ ዱቤ ማጭበርበር ሲነሳ አንድ ነገር ግልጽ አይሆንልኝም። ሰውዬው በሌላ ሰው ካርድ ሸሚዝ፣ ጫማ፣ ሽቶ እያለ ከየክፍሉ ይገዛል፤ ሻጯ ስልክ አጠገቧ እያለ ዕቃውን ጠቅልላ ትሰጠዋለች። እውነት አሠራሩ እንዲህ ነበር? ዛሬ ፒያሳ ሱቅ ውስጥ ሒሳብ ለምንቀበልስ የሚጠቅም ነገር አለው?

የሒሳብ ሰው
አዎ፣ እንዲህ ነበር። መደብሩ የገንዘብ ጣሪያ ያወጣል፤ ከዚያ በታች ለሆነ ሽያጭ ወደ ዱቤ ክፍሉ አይደወልም። ቢደወል የዱቤ ክፍሉ ሠራተኛ ፋይሉን በእጅ ፈልጎ እስኪያገኝ ሰልፉ ይረዝማላ! ጣሪያውን ያወቀ ሌባ ታዲያ ግዢውን ይበታትነዋል። ወረቀቶቹ ሒሳብ ክፍል እስኪሰበሰቡ ድረስ ድምሩን የሚያይ የለም።

ከጣሪያው በታች የነበረው መከላከያ የታገዱ ካርዶች የታተመ ዝርዝር ነው። እሱ ደግሞ ሁልጊዜ ዘግይቶ ይደርሳል። ካርዱ ባለቤቱ ጋ ሳይደርስ ከፖስታ ከተሰረቀማ ሰውዬው የወሩ ሒሳብ እስኪመጣለት መሰረቁን እንኳ አያውቅም። መርማሪዎቹ ከፊርማና ከሽያጭ ወረቀት የሚጀምሩት ለዚህ ነው።

ካርቦን
የፖስታውን ነገር ልጨምርበት። ባንክ ኦፍ አሜሪካ የተባለው ባንክ እ.ኤ.አ. በ1958 ፍሬዝኖ ከተማ ውስጥ ወደ 60,000 ካርድ ላልጠየቁ ሰዎች በፖስታ ልኮ ነበር። እንዲህ ያለው አላላክ በሕግ የተከለከለው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው።

ሻጯ ጋ ያለው የካርድ ማተሚያ ደግሞ የካርዱን ጎላ ያለ ቁጥር በካርቦን ወረቀት ላይ ከመጫን በቀር ሥራ የለውም። ካርዱ እዚያ እንደነበር ያሳያል፤ የያዘው ሰው ማን እንደሆነ ግን አያሳይም። የተጣለው ካርቦን ራሱ ስምና ቁጥር ስላለበት ቀዳዶ መጣል ያስፈልግ ነበር።

ዘነበወርቅ
ወንድሜ፣ የፒያሳው ጣጣም ሥሩ አንድ ነው፤ ማስረጃውን የሚያቀርበው ገዢው ራሱ ነው። የደንበኛን ስክሪንሾት በፍጹም አትቀበል። የቴሌብር መልእክት ከ127 ነው የሚመጣ፤ ያው ጽሑፍ ከ09 ቁጥር ከመጣ ሐሰት ነው። በብዛት ሰው የሚበላው ግን ገንዘብ ተቀባዩ ስልክ ባለቤቱ ኪስ ውስጥ ሆኖ ካሸሩ ባዶ እጁን ሲቀር ነው። ስልኩ ካሸሩ ጋ ይቀመጥ።

ቼክ ከሆነ ገንዘቡ ሒሳብህ እስኪገባ ዕቃው አይውጣ፤ ወይም ሲፒኦ (ባንኩ ራሱ ክፍያውን ያረጋገጠበት ሰነድ) ጠይቅ። ደረቅ ቼክ መጻፍ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 ያስቀጣል፤ ክሱ ግን ዕቃህን ቶሎ አያስመልስልህም።

የሒሳብ ሰው
ዘነበወርቅ ያልከው ልክ ነው፤ በላኪው ቁጥር ብቻ ግን አትተማመኑ፣ የላኪ ስምም ይመሰላል። የራስህን መተግበሪያ ከፍተህ የገንዘቡን መጠን፣ ሰዓቱንና የግብይት ቁጥሩን አይተህ ከቀሪ ሒሳብህ ጋር አስተያይ። ኔትወርክ ከሌለ ዕቃው መደርደሪያው ላይ ይቆይ፤ «ታክሲ እየጠበቀኝ ነው» ቢልህም።