ባለ 2 ፒስተን የጂ ቢዩግልና የቢ-ፍላት ትራምፔት፦ በአንድ ወረቀት መዳኘት ፍትሐዊ ነው?

የሜዳ መስመር፦

ሰላም ለሁላችሁ። አሜሪካ ውስጥ ለሚካሄድ አነስተኛ የበጋ የድራም ኮር (ሜዳ ላይ እየተራመደ የሚጫወት የነሐስና የከበሮ ቡድን) ውድድር የዳኝነት ደንብ እየተረቀቀ ነው። ከሚሳተፉት አንዳንዶቹ የቀድሞ አባላት ኮሮች ሲሆኑ እስካሁን ባለ ሁለት ፒስተን (በጣት ሲጫን ቱቦውን የሚያስረዝም) የጂ ቢዩግል፣ ማለትም መሠረታዊ ድምፁ ጂ የሆነ ጥሩንባ ነው የሚነፉት። የሌሎቹ ሙሉ በሙሉ ዘመናዊ ነው፦ ቢ-ፍላት ትራምፔት፣ ኤፍ ሜሎፎን፣ ቢ-ፍላት ባሪቶንና ቱባ፤ ሁሉም ባለ ሦስት ፒስተን። የነሐስ መሣሪያዎች ዳኛው አንድ፣ የነጥብ መስጫ ወረቀቱም አንድ።

ሦስት ሐሳብ ቀርቧል፦ ምድብ መለየት፣ ለቢዩግሎቹ ማካካሻ ነጥብ መስጠት፣ ወይም ምንም ሳይነኩ መተው። የትኛው ያዋጣል? ሌላም አንቀጽ አለ፦ ሁሉም ኮር ሜዳ ከመግባቱ በፊት ቢ-ፍላት አሰምቶ ቅኝቱ ይመዘገብለታል ይላል። ጉዳት ይኖረው ይሆን?

ጥሩንባ፦

ከመጨረሻው ልነሳ፤ ያ አንቀጽ ይውጣ።

በእነዚህ መሣሪያዎች የሚጻፈው ኖታና የሚሰማው ድምፅ ስማቸው ይለያያል፤ የሚሰማው ቢ-ፍላት በቢ-ፍላት ትራምፔት ላይ የሚጻፈው ሲ ሆኖ ነው። ምንም ፒስተን አይነካም፣ 4ኛው ሃርሞኒክ (የቱቦው ርዝመት ሳይቀየር በከንፈር ብቻ ከሚወጡት ድምፆች አራተኛው) ላይ ይገኛል፣ ከመሣሪያው ድምፆች ሁሉ ቀጥ ብሎ የሚቆመው እሱ ነው። በጂ ቢዩግል ላይ ግን ያው ድምፅ የሚጻፈው ኢ-ፍላት ሆኖ ነው። ባለ ሁለት ፒስተኑ የታችኛው ኢ-ፍላት ጭራሽ የለውም። የላይኛው አለው፤ የሚገኘው ግን 5ኛውን ሃርሞኒክ በሁለተኛው ፒስተን አንድ ሴሚቶን አውርዶ ነው፤ 5ኛው ሃርሞኒክ ደግሞ በተፈጥሮው ከእኩል ቅኝት (ኦክታቭን በ12 እኩል ሴሚቶን ከሚከፍለው) 14 ሴንት ዝቅ ይላል (አንድ ሴሚቶን 100 ሴንት ነው)። አንዱን ኮር በምርጥ ድምፁ፣ ሌላውን በደካማው ትፈትናለህ ማለት ነው።

የከፋው ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። ቢዩግለኛው ያ ድምፅ መለኪያው ላይ ዝቅ ብሎ ሲያየው ስላይዱን (የቱቦውን ርዝመት የሚቀይረውን ተንሸራታች ክፍል) ወደ ውስጥ ይገፋል። ኢ-ፍላቱ ይስተካከላል፤ ፒስተን ሳይነካ የሚወጡት ክፍት ድምፆች በሙሉ ግን ከፍ ብለው ሜዳ ይገባሉ። ዳኛው «ቅኝት ተበላሽቷል» ብሎ ይመዘግባል፤ ያበላሸው ግን ደንቡ ነው።

በምትኩ፦ እያንዳንዱ ኮር በራሱ ክፍት ድምፅ ይቃኝ። የጂ ኮር በሚሰማው ጂ ወይም ዲ፣ የቢ-ፍላት ኮር በቢ-ፍላት ወይም ኤፍ። ምዝገባውም ይቅር፤ ዳኛው ሜዳ ላይ በሰማው ይፍረድ።

የታችኛው ድምፅ፦

ከጥሩንባ ጋር እስማማለሁ። ወደ ማካካሻው ልግባ፤ እኔ አጥብቄ እቃወማለሁ።

መጀመሪያ ባለ ሁለት ፒስተኑ ምን እንደሚጎድለው በትክክል እንወቅ። አንደኛው ፒስተን ሁለት ሴሚቶን ያወርዳል፣ ሁለተኛው አንድ፤ ሁለቱ አብረው ሦስት። ከዚያ በታች ማውረድ አይቻልም። በሶፕራኖ (ከፍተኛ ድምፅ ባለው ቢዩግል) ጽሑፍ ከ4ኛው ሃርሞኒክ፣ ማለትም በኖታ መስመሮቹ መሃል ከሚጻፈው ሲ ብትወርድ ቢ፣ ቢ-ፍላትና ኤ ታገኛለህ፤ ኤ-ፍላት የለም። ከ3ኛው ሃርሞኒክ ጂ ብትወርድ ኤፍ-ሻርፕ፣ ኤፍና ኢ አሉ፤ ኢ-ፍላት፣ ዲ እና ዲ-ፍላት የሉም። ስለዚህ ከሲ እስከ ሲ ባለው አንድ ኦክታቭ ውስጥ የጠፉት አራት ድምፆች ብቻ ናቸው። ከዚያ ሲ በታች ካለው ኤ ወደ ላይ ግን ሴሚቶን በሴሚቶን አንድም ሳይጎድል ይወጣል። ዜማ በሚሸከመው የሶፕራኖ መስመር ላይ ችግሩ ትንሽ ነው። የሚያስጨንቀው የኮንትራባሱ (የዝቅተኛው ድምፅ ቢዩግል) መስመር ነው፤ ባስ የሚኖረው በእነዚያ ክፍተቶች መካከል ነውና። አቀናባሪው የጎደለውን ድምፅ ለባሪቶን ይሰጣል፣ ወይም ቁልፉን (ሙዚቃው የሚመሠረትበትን ድምፅ) ይመርጣል። ጂ፣ ዲ ወይም ሲ ላይ የተጻፈ ሙዚቃ ለጂ ኮር ይቀላል።

አሁን ወረቀቱን እይ። በዲሲአይ (ድራም ኮርስ ኢንተርናሽናል፣ የድራም ኮር ውድድሮችን የሚመራው ድርጅት) አሠራር የነሐስ ወረቀት 20 ነጥብ ነው፤ ግማሹ ለይዘት፣ ግማሹ ለአፈጻጸም። ከመቶው ድምር ውስጥ የሚገባው 10 ነጥብ ብቻ ነው፤ የነሐስ፣ የከበሮና የሙዚቃ ትንተና ወረቀቶች ተደምረው ለሁለት ስለሚካፈሉ። የጠፉት አራት ድምፆች ይዘቱን ሊነኩ ይችላሉ፤ አፈጻጸሙን ግን አይነኩም። እንዲያውም እዚያ ቢዩግሉ አንድ ጭንቀት ይቀንስለታል። ሦስት ፒስተን ያለው መሣሪያ 1ኛውንና 3ኛውን አብሮ ሲጫን፣ ቱቦዎቹ ለየብቻ በልክ ከተሠሩ፣ 30 ሴንት ያህል ከፍ ይላል፤ ተጫዋቹ እየተራመደ የ3ኛውን ስላይድ በጣቱ ካላወጣ ይሰማል። ባለ ሁለት ፒስተኑ የሚገጥመው ከባዱ ጥምረት 1 እና 2 ነው፤ እሱም 10 ሴንት ገደማ። ታዲያ ማካካሻውን ለማን ልትሰጥ ነው?

ደግሞም ይህ አዲስ ጥያቄ አይደለም። ዲሲአይ ሁለተኛውን ፒስተን እ.ኤ.አ. በ1977 ፈቀደ፣ ሦስተኛውን በ1990፣ ከጂ ውጭ ባለ ቁልፍ የተሠራ መሣሪያን በ2000፣ ትሮምቦንና ሱዛፎንን ደግሞ በ2014። በእያንዳንዱ ጊዜ ሁሉም ኮር በአንድ ክረምት አልቀየረም፤ መሣሪያ ውድ ነው። አሮጌውና አዲሱ ጎን ለጎን ተወዳድረዋል።

የዳኛ ወንበር፦

ማካካሻ ነጥብ ላይ ከታችኛው ድምፅ ጋር ነኝ። «ምንም ሳይነኩ መተው» ግን አልቀበልም። አድልዎው የሚገባው በወረቀቱ ሳይሆን በዳኛው ጆሮ ነው።

የቢ-ፍላት መስመር ሲሰማ የኖረ ዳኛ የጂ ሶፕራኖ ሲነፋ በመጀመሪያው ደቂቃ «ሸካራ» ብሎ ይጽፋል። የድምፁ ቀለም የመሣሪያው ነው፤ ዳኛው መለየት ያለበት ቀለሙ ከመስመሩ ጫፍ እስከ ጫፍ አንድ መሆኑን ነው። አሥር ሶፕራኖ አንድ ዓይነት ብሩህ ድምፅ ካወጡ ያ ስምረት ነው። ሰባቱ ብሩህ፣ ሦስቱ ደብዛዛ ከሆኑ ቅነሳው የሚመጣው ያኔ ነው። ይህን በደንቡ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት፦ «የድምፅ ጥራት የሚለካው በመስመሩ ውስጥ ባለው ስምረት እንጂ ከሌላ ዓይነት መሣሪያ ጋር በማነጻጸር አይደለም።»

ይዘት ላይም እንዲሁ። ዳኛው የሚጠይቀው «ይህ ሐረግ ከነፊው ምን ይፈልጋል?» ብሎ ነው፤ ዝላዩ ስንት ነው፣ ትንፋሽ የት ይወሰዳል፣ ሲነፉ እግራቸው በምን ፍጥነት ይሄዳል። «በቢ-ፍላት ቢሆን ኖሮ» የሚል ሐሳብ ወረቀቱ ላይ ቦታ የለውም።

ያልተነሳ ነገር ደግሞ ሙቀት ነው። የአየር ሙቀት በ1 ዲግሪ ሴልሲየስ ሲጨምር የነሐስ ቅኝት በስሌት 3 ሴንት ገደማ ይወጣል፤ የነፊው ትንፋሽ ቱቦውን ስለሚያሞቀው በተግባር ያንሳል። በመዶሻ የሚመቱት የማሪምባና የቫይብራፎን ቅኝት ግን አብሮ አይወጣም። ከሰዓት በ35 ዲግሪ የሚገባ ኮርና ማታ በ24 ዲግሪ የሚገባ ኮር እኩል አይደክሙም፤ በተለይ ትልልቆቹ መሣሪያዎች። 10 ሴንት ለማውረድ የቢ-ፍላት ትራምፔት ስላይድ 4 ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ይሳባል፣ የጂ ሶፕራኖ 5 ሚሊ ሜትር፣ የቢ-ፍላት ቱባ 16 ሚሊ ሜትር፣ የጂ ኮንትራባስ 19 ሚሊ ሜትር ገደማ። 30 ሴንት ማውረድ ያለበት የጂ ኮንትራባስ ወደ 6 ሴንቲ ሜትር ስላይድ ይፈልጋል፤ ያን ያህል የሌለው አሮጌ መሣሪያ ከፍ ብሎ ይቀራል። ስለዚህ ለሁሉም እኩል የማሞቂያ ጊዜ ስጡ፣ ቦታውም እንደ ሜዳው ፀሐይ ይሁን። ጥላ ውስጥ ተቃኝቶ ፀሐይ ላይ የወጣ ኮር በአምስት ደቂቃ ውስጥ ቅኝቱ ይሸሻል።

ምድብ መለየትን በተመለከተ፦ በየምድቡ ቢያንስ አራት ኮር ከሌላችሁ አትሞክሩት። ሁለት ኮር ያለበት ምድብ ደረጃ አይወጣበትም።

የሜዳ መስመር፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ አንቀጹ ወጥቷል። የስምረቱን ዓረፍተ ነገር እንዳለ እንወስደዋለን። አንድ ይቀረኛል፦ ቅልቅሎቹስ? ሶፕራኖዎቹ የጂ፣ ባሪቶኖቹ የቢ-ፍላት የሆኑበት ኮር ለመመዝገብ ጠይቋል።

ጥሩንባ፦

ይፈቀድ፣ ግን ምንም ምሕረት አይደረግለት። መቀላቀሉ የኮሩ ምርጫ ነውና በአፈጻጸም ላይ የሚታየው ሁሉ ይቆጠራል።

የሚቸገሩበትን ልንገርህ፤ ለዳኛውም ይጠቅመዋል። ሁለቱ መስመሮች ዲ ላይ በኦክታቭ ቢገናኙ፣ የጂ ሶፕራኖው 6ኛውን ሃርሞኒክ ክፍት ይነፋዋል፣ ቀጥ ይላል። ለቢ-ፍላት ባሪቶኑ ግን ያው ዲ 5ኛው ሃርሞኒክ ላይ ሊወድቅ ይችላል፤ ያኔ 14 ሴንት ዝቅ ይላል። ኦክታቩ ይንቀጠቀጣል። መፍትሔው ባሪቶኖቹ ያንን ድምፅ በክፍት ሳይሆን 1 እና 2 ፒስተን አብረው ተጭነው ከ6ኛው ሃርሞኒክ ማውረድ ነው፤ ያ ጥምረት ትንሽ ከፍ ስለሚል ከንፈር በቀላሉ ያወርደዋል። ይህን የሠራ ኮር ኦክታቩ ሲዘጋ ይሰማል። ዳኛው እንዲህ ያለውን ቦታ ሲሰማ ሰዓቱን መዝግቦ በድምፅ ቅጂው ላይ ይጥቀሰው፤ አሠልጣኙ ሰኞ ልምምድ ላይ የሚያስተካክለው ነገር ያገኛል።